የዶሮ ቤት ያዛወርንበት ጾም

ያለፈው ክረምት የጣና ውሃ የዶሮ ቤቴን ወለል ስላበሰበሰው፣ ዐቢይ ጾም እንደገባ ከሐይቁ ዳር አንስተን ከማድቤቱ ጀርባ አቆምነው። በአንዱ ጫፍ ባለቤቴ፣ በሌላው ጎረቤታችን ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ተሸከሙት። ሲጨርሱ ሽማግሌው ባዶ የቀረውን ቦታ አይተው፣ «ታንኳዬን እዚህ ላድርቅበት?» አሉኝ። እሺ አልሁ። በሆዴ ግን፣ ለካ እንዲህ የተሯሯጡት ለዚህ ነው አልሁ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ደግ ሲሆንልኝ ምክንያቱን ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዶሮዎቹም ከእኔ አልተሻሉም። ገና ከገበያ እንደመጣ ዶሮ እግራቸውን በጨርቅ አስሬ ጥሬ በተንሁላቸው፤ አንገታቸውን አጣመው አንድ ዓይናቸውን በጥሬው፣ ሌላውን በእኔ ላይ ተከሉ። ስፈታቸው ደግሞ አመሻሽ ላይ ተሰልፈው ወደ አሮጌው ቦታ ወረዱና ከታንኳው አጠገብ ቆመው ቤታቸውን ፈለጉ። እያቀፍሁ መለስኋቸው። ውለው አድረው ሁሉም ለመዱ፤ ገብስማዋ ብቻ እምቢ አለች።

ገብስማዋን እናቴ ናት ከመራዊ በአውቶቡስ፣ በጉያዋ ይዛ ያመጣችልኝ። ለፋሲካ ስትመጣ የገብስማዋን ጫጩቶች ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር። መጀመሪያ እንቁላሏ ጠፋ። ቀጥሎ ራሷ ጠፋች። ከእንጨት ክምሩ ሥር፣ ከቡናው ውስጥ ፈለግሁ፤ ሐይቁ ዳር ወርጄም ተጣራሁ፤ የለችም። እናቴን ምን እላታለሁ?

በእኛ ቤት እስከ ፋሲካ እንቁላል የሚቀምስ የለም። የጎረቤታችን ቤት ጾም ግን በዒድ ተፈትቷል። አንድ ጠዋት ከአጥራቸው ሥር የእንቁላል ቅርፊት አየሁና በቃ፣ ፈረድሁ። እንቁላል ሱቅ ውስጥ እንደሚሸጥ እንኳ ረሳሁት።

ባለቤቴ፣ «ተይ እንጂ ሴትዮ፣ ሽለምጥማጥ ይሆናል» ቢለኝ፣ «ሽለምጥማጥ እንቁላል ልጦ ይበላል?» አልሁት።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው በደጃችን ሲያልፉ፣ ሰላምታቸውን ያልሰማሁ መስዬ ወደ ቤት እገባ ጀመር። አንድ ቀን መጥተው በር አንኳኩ፤ አልከፈትሁም። ሕማማት ሲገባማ ተመቸኝ፤ በዚያ ሳምንት እኛ ዘንድ ሰላምታ የለም።

የስቅለት ዕለት ከስግደት ስመለስ፣ ሽማግሌው አጎንብሰው ታንኳው ሥር እጃቸውን ሲሰዱ አየሁ። እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ኮቴዬን አጥፍቼ ወረድሁ። ከታንኳው ሥር ገብስማዋ ክንፏን ዘርግታ ተኝታለች። ከክንፏ ሥር ጫጩቶች ይንጫጫሉ። አጠገቧ ውሃ የተሞላ ጣሳና እፍኝ ጥሬ አለ። አሮጌው ቤቷ የቆመበት ቦታ ላይ፣ እንቁላሏን ጥላ ታቅፋ ኖሯል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«ልነግርሽ መጥቼ ነበር፤ አልከፈትሽም። ታንኳውን ባነሳው እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች ብዬ፣ በሰው ታንኳ ሳጠምድ ሰነበትሁ።» ጣሳውን ወደ ዶሮዋ ጠጋ አደረጉላት። «አንቺም ደንብረሽ ነበር፣ ልጄ። እስክትለምጂ ጠበቅሁሽ።»

አፈርሁ። ቀኑ ስቅለት ነው፤ ሰላምታም መሳሳምም የለም። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ።