ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ነስረዲን ኮምፒውተር አልሰጡኝም። ደብተርና እርሳስ ገፋ አድርገውልኝ፣ "አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊና ዛፉን ሣዪልኝ" አሉ። እኔም "ዝናብ ከዘነበ ጃንጥላ ያዝ" ብዬ ጻፍኩና እንደ ታዛዥ ተማሪ ግንድና ቅጠል ያለው የሚያምር ዋርካ ሣልኩላቸው። ከሥሩ ጃንጥላ የያዘ ሰውዬ ጨመርኩበት። አቶ ነስረዲን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

"ማሻአላህ፣ ሥዕል ትችያለሽ" አሉኝ። "ሥራውን ግን አታውቂውም።"

ቢሮአችን ፈረስ መጋላ፣ ከልብስ ሰፊዎች በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አራት ሰዎች ነን። የምንሠራው አንድ ትንሽ ቋንቋ ነው፤ የመስኖና የወፍጮ ሰዎች፣ የውሃ ማኅበራት፣ ማሽናቸው እንዲሠራላቸው የሚፈልጉትን በአማርኛ ይጽፉበታል። "ታንከሩ ከጎደለ ፓምፑ ይነሳ" ይላሉ። የኛ ኮምፓይለር ያንን አንብቦ፣ ከፓምፑ አጠገብ የሚሰቀለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ወደሚረዳው ኮድ ይለውጠዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ግን በመካከል ብዙ ተንኮል አለ።

ለማያውቅ ላስረዳ። መጀመሪያ አንዱ ክፍል ዓረፍተ ነገሩን ቃል በቃል ይበጣጥሰዋል። ሁለተኛው ክፍል የተበጣጠሰውን የሰዋስው ዛፍ አድርጎ ይሠራዋል። ይህ ዛፍ ተዘቅዝቆ ነው የሚበቅለው፤ ሥሩ ከላይ ነው። ከላይ "ከሆነ" የሚለው ይቀመጣል፤ በአንድ ወገን ሁኔታው፣ በሌላው ወገን ትእዛዙ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው ክፍል የኔ ነበር። ኮዱ ከመውጣቱ በፊት ዛፉን ከላይ እስከ ታች እየዞረ እንደገና ይጽፈዋል።

"ሁለት ሲደመር ሦስት" ካገኘ ነቅሎ "አምስት" ይተክላል። "ያልተዘጋ ካልሆነ" የሚል ጠማማ አነጋገር ሲገጥመው "ከተዘጋ" ብሎ ያቃናዋል። "ከዚህ እስከዚያ" የሚለውን ፈትቶ ሁለት ማነጻጸሪያ ያደርገዋል። በምንም ተአምር ሊሆን የማይችል ሁኔታ ካየ ደግሞ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ይቆርጠዋል። የማይደርሱበትን መንገድ ኮድ አድርጎ መሸከም ለምን ያስፈልጋል? ኮዱን ለሚያወጣው ለመጨረሻው ክፍል የሚደርሰው የተረፈው ብቻ ነው።

እናቴ ይህን ስነግራት ከሁሉ የያዘችው "ዛፍ" እና "ቁረጥ" የሚሉትን ነበር። ለሰፈሩ "ልጄ ቢሮ ተቀምጣ ዛፍ ትቆርጣለች" ብላ አወራች። አንድ ቀን ጎረቤታችን አጥሯን ልታድስ ብላ ሃያ አጠና እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። የኔ ዛፍ ተዘቅዝቆ እንደሚበቅል ስነግራት በጣም አዘነችልኝ።

አቶ ነስረዲን ለሁላችንም አንድ ደንብ ነበራቸው። "ዛፉን እንደፈለግሽ አሳጥሪው፤ ሰውየው ያለውን ግን እንዳትቀይሪበት" ይሉኛል። በየሳምንቱ ይሉኛል። እኔም በየሳምንቱ እሺ እላለሁ።

የምትቆርጠውን ክፍል ከታች ላሉት ልብስ ሰፊዎች ክብር ብዬ "መቀስ" አልኳት። አቤት ስወዳት። በቆረጠች ቁጥር ስክሪኑ ላይ "ይህ ቅርንጫፍ ሊደረስበት ስለማይችል ተቆርጧል" የሚል መስመር ታወጣለች። መጀመሪያ መስመሩን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ቋንቋችን ሲያድግ ግን ለፍላፊ ሆነች፤ ለደንበኛ ሥራ በምናሳይበት ሰዓት መስመሩ እንደ ዝናብ ይወርዳል። አንዱ ደንበኛ "ይኼ ሁሉ ስሕተት ነው እንዴ?" ሲል እፍረት ገደለኝ። በማግሥቱ ማስታወቂያውን አጠፋሁት። ለአቶ ነስረዲን አልነገርኳቸውም፤ ያልተጠየቅሁትን መናገር ያን ጊዜ ልማዴ አልነበረም።

ከዚያ የሐኪም ጋራው ሥራ መጣ። አንድ የመንደር የውሃ ማኅበር ነው፤ የራሱ ጉድጓድና ታንከር አለው። ከታንከሩ ሁለት መስመር ይወጣል፤ አንዱ ለላይኛው ሰፈር፣ ሌላው ለታችኛው። ግፊቱ ለሁለቱም አንድ ላይ ስለማይበቃ ውሃው በፈረቃ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ ዩሱፍ እየነገሩኝ እኔ ጻፍኩ፦ የላይኛው መስመር ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይከፈት፤ የታችኛው ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይከፈት። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ሁለት ጊዜ "ትክክል" አሉ።

እስከዚያ ድረስ ቫልቩን በእጅ ይከፍቱና ይዘጉ የነበሩት ሃምሳ አለቃ ጥላሁን ናቸው። ከጎጃም ለውትድርና መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ሳጥኑ ሲሰቀል እሳቸው ጥበቃ ሆነው ቀሩ፤ ለክፉ ቀን የሚሆነው የቫልቭ ቁልፍም በእጃቸው ቆየ።

ሥራውን ልንፈትን የደረስነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የታችኛው መስመር ተከፍቶ ውሃው ይንዶቀዶቃል። ሐጂ ዱዓ አደረጉልን፤ በባጃጅ ተንደላቅቀን ወረድን። የላይኛውን ለመፈተን በ12 ሰዓት መገኘት ያስፈልግ ነበር። ለ12 ሰዓት ማን ይነሳል?

በሦስተኛው ሳምንት ሐጂ ደወሉ። ሳጥኑ ከተሰቀለ ጀምሮ ላይኛው ሰፈር ጠብታ አላየም፤ ሰዉ ጀሪካን ተሸክሞ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ነው። ጥፋተኛውን ግን አግኝተውታል። ሃምሳ አለቃ ናቸው አሉኝ። ቁልፉ በእጃቸው ነው፣ ቤታቸው በታችኛው መስመር ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለሰፈራቸው ሲሉ የላይኛውን ይዘጋሉ። የሳጥኑ መዝገብ ትእዛዝ ሁሉ ያለ እንከን እንደተፈጸመ ያሳያል፤ ማሽን ደግሞ አይዋሽም። እሑድ ስብሰባ ጠርተው ቁልፉን ሊቀበሏቸውና ሊያሰናብቷቸው ነው። እኔ ደግሞ ማሽኑ ጤነኛ መሆኑን መጥቼ እንድመሰክር ፈለጉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ በደስታ አልኳቸው።

ቅዳሜ ለወጉ ያህል ሳጥኑን ለማየት ወጣሁ። ሃምሳ አለቃ ፓምፕ ቤቱ በር ላይ፣ የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል። አልለመኑኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ቫልቩን የሚከፍተው ሞተር ዝም እንደሚል፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን ለታችኛው መስመር እንደሚነሳ ነገሩኝ። ታዲያ ለምን በእጅ አልከፈቱም አልኳቸው። ማሽኑን አልነካም ብለው መፈረማቸውንና ወታደር መሆናቸውን ነገሩኝ። ለሐጂም ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው የለም።

"ከነገ በኋላ በዚህ መንደር እንዴት ብዬ ነው የምሄደው?" አሉ። አንጀቴን በሉት።

እውነቱን ልናገር፣ አሁንም በከፊል እየጠረጠርኳቸው ነበር ላፕቶፔን የከፈትኩት። መቀስ ከጨረሰች በኋላ የቀረውን ዛፍ አወጣሁ። የታችኛው መስመር አለ። የላይኛው የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁት፤ የለም። ያጠፋሁትን ማስታወቂያ መልሼ ሳበራው "ሊደረስበት ስለማይችል ተቆርጧል" አለኝ፤ የመስመሩን ቁጥር ሳይቀር ነገረኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። "ከ12 እስከ 2" የሚለውን የራሴው ክፍል ፈትቶ "ሰዓቱ ከ12 ካላነሰ እና ከ2 ካነሰ" አድርጎታል። መቀስ ይህን አየችና እንዲህ ያለ ቁጥር የለም ብላ ቆረጠችው። እውነቷን ነው። እኔ ግን እዚሁ አገር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ 12 ሰዓት ይነጋል፣ ከዚያ 1 ይሆናል፣ ከዚያ 2። ያንን መስመር መቶ ጊዜ ባነበው ዓይኔ ምንም አይጎረብጠውም።

ማስተካከያው አንዲት ቃል ናት። የመጀመሪያው ሰዓት ከሁለተኛው ሲበልጥ "እና" የሚለውን "ወይም" ማድረግ ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወደ ሳጥኑ ልልከው ስል ለአቶ ነስረዲን ደወልኩና ያጠፋሁትን ማስታወቂያ ጨምሬ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሐሳቤንም ነገርኳቸው፤ ማንም ሳይሰማ አስተካክለዋለሁ፣ ውሃው ይመጣል፣ ነገሩ በዚያው ይረሳል።

አቶ ነስረዲን አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ዛሬ ብትልኪው ነገ ውሃው ይመጣል፤ ሃምሳ አለቃው ፈርቶ ለቀቀው ይላሉ" አሉኝ። "ሰኞ ብትልኪው ሰውየው ከሥራ ሲነሳ ውሃው መጣ ይላሉ። ወላሂ፣ በሰው ላይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።"

ደንበኛውንስ ብናጣ አልኳቸው። ካጣነው እናጣለን ብለው ስልኩን ዘጉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሐጂ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ሃምሳ አለቃ ዳር ላይ ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ማንም የለም። እኔ ካርቶን ቀድጄ፣ ዛፉን በትልቁ ሥዬ ይዣለሁ። ያኔ ዋርካ መሣል ትቻለሁ።

"ሐጂ፣ አንድ ቁጥር ይፈልጉልኝ" አልኩ። "ከ12 የማያንስ፣ ከ2 ግን የሚያንስ።"

ሐጂ የመስቢሐ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ አሰቡ። "እንዲህ ያለ ቁጥር የለም" አሉ።

"ማሽኑም የለም አለ። ስለዚህ የላይኛውን መስመር ትእዛዝ ከዛፉ ላይ ቆርጦ ጣለው። የመዘገበው የቀረለትን ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃ ምንም አልዘጉም። ውሃውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ማሽኑ ይህን ሁሉ ሲቆርጥ ዝም ይላል ወይ ብለው ጠየቁ። ይህንን ጥያቄ ማንም እንዳያነሣው ነበር ሌሊቱን ስጸልይ ያደርኩት።

"አይ፣ ይናገር ነበር" አልኳቸው። "ሰው ፊት አሳፈረኝ ብዬ አፉን ያስያዝኩት እኔው ነኝ።"

ሐጂ "አስተግፊሩላህ" አሉና ተነሥተው ወደ ሃምሳ አለቃ ሄዱ፤ አፉ ይበሉኝ አሏቸው። ሃምሳ አለቃ የሐጂን እጅ ጨበጡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"እዚህ ያልመጡ ሰዎች አሉ" አሉኝ። "ሦስት ሳምንት ሰላምታ የነሱኝ እነሱ ናቸው። ለነሱም ትነግሪልኛለሽ። ቤት ለቤት። ካርቶንሽን ያዢ።"

ያዝኩ፤ ምን ምርጫ ነበረኝ? ሃምሳ አለቃ በወታደር እርምጃ ከፊት፣ እኔ ካርቶን ታቅፌ እያለከለክሁ ከኋላ፣ የላይኛውን ሰፈር ዳገት ተያያዝነው። በር ያንኳኳሉ፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ እኔ ዛፌን ዘርግቼ አስረዳለሁ። አንዷ እናት የተዘቀዘቀውን ዛፍ አይተው ካርቶኑን ቀስ ብለው አቀኑልኝ።

ስምንተኛው ቤት ስንደርስ ጉሮሮዬ ደርቋል። "ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቸው የሉበትም" ብዬ ልጨርሰው ስል ሃምሳ አለቃ አቋረጡኝ።

"አታሳጥሪው" አሉ። "ለመጀመሪያው ቤት ያልሽውን በይ።"

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቤት ላይ አላሳጠርኩም።

መጨረሻ የደረስንበት ቤት የአንድ ሽማግሌ ወዳጃቸው ነበር። ሁለቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዳማ ይጫወቱ እንደነበር መንገድ ላይ ነግረውኛል፤ ሦስት ሳምንት በሩ አልተከፈተላቸውም። ሽማግሌው ከ12 እስከ 2 ያለውን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወደ ውስጥ ገቡና የዳማውን ሰሌዳ፣ ቆርኪዎቹ እንደተደረደሩበት፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ሃምሳ አለቃ የካፖርታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈትተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

"ተራው የኔ ነበር" አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ "በቃሽ ልጄ፣ ሂጂ" አሉኝ። ዳገቱን እያለቀስኩ ወረድኩ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አላውቀውም።

ማስተካከያውን ያን ማታ ላክሁት፤ ሰኞ 12 ሰዓት ላይ በላይኛው መስመር ውሃ መጣ። ቆሜ አየሁት። ማኅበሩም ደንበኛችን ሆኖ ቀረ፤ ቫልቩን በእጅ የመክፈት ፈቃድ ለሃምሳ አለቃ ይሰጥ የሚል ደብዳቤ ግን ተከትሎ መጣልን።

አሁን ከኔ ጋር ለሚሠሩት የምሰጠው መመሪያ አጭር ነው። ዛፉን የሚነካ ማንኛውም ክፍል የቆረጠውን ይናገር። ንግግሩ ከበዛ አጻጻፉን አስተካክሉ፤ አታጥፉት። የ12 ሰዓትን ሥራ የሚፈትን ሰው በ12 ሰዓት ይገኝ።