የሞተ የሌለበት ለቅሶ

ካምፓላ ያለን አበሾች ቤት የምንከራየው፣ በርበሬ የምናስመጣው፣ የምንደጋገፈውም የምንሰዳደበውም በአንድ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ነው። የዚያ ግሩፕ አድሚን እኔ ነበርኩ። የእድራችን ሊቀ መንበር ሲሾሙኝ፣ «አንተ ከማንም ጋር ስለማትስማማ ለማንም አታዳላም» አሉኝ። ሽማግሌው ሲያሞግሱም ሲሰድቡም ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የትኛው እንደነበር እስካሁን አላውቅም። ሹመቱን የተቀበልኩት ስለ ነፃ ንግግር ያነበብኩትን ሥራ ላይ ላውል ነው ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ቡኮቶ ሰፈር ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። ስልኩ ሲጮህ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።

ሕጌ አጭር ነበር። ስድብ ይቆያል፤ አድራሻ፣ ዛቻና የሰው ቤት ፎቶ ይጠፋል። ስድብ ካጠፉት ተሳዳቢው ጨዋ መስሎ ይቀራል፤ ይህን ውለታ ለማንም መዋል አልፈልግም ነበር። ስለዚህ ጨዋዎቹ ባለጌ፣ ባለጌዎቹ ደግሞ አፋኝ ይሉኝ ነበር።

ምሳዬን የምበላው ጎረቤት ሰፈር ካምዎክያ፣ አንዲት የአገሬ ልጅ ከከፈተችው ትንሽ ምግብ ቤት ነው። መጽሐፍ ይዤ ስገባ፣ «ዛሬስ ከማን ጋር ተጣልተህ መጣህ?» ትለኛለች፤ ሽሮዬን ሳላዝ ታመጣለች። አንድ ቀን ከቀረሁ ደውላ በላህ ወይ ትለኛለች። በከተማው ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ደንበኛ እንዳይሸሻት ነው የምትጠይቀኝ ብዬ ራሴን አስጠነቅቅ ነበር፤ ቢሆንም ጥሪዋን እጠብቃለሁ።

አገር ቤት ሰዎች በተገደሉ ሰሞን፣ የግሩፑ ወጣቶች የአበሻ ንግድ ቤት ሁሉ ለተቃውሞ አንድ ቀን እንዲዘጋ ጥሪ አቀረቡ። ጥሪው ከልብ ነበር፤ ከመካከላቸው ዘመድ የሞተበት አለ። እሷ ግን ለአንድ መሥሪያ ቤት ምሳ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ ብላ ከፈተች። አንዱ ወጣት ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሲያልፍ በሩ ላይ ቆማ አያት፤ ፎቶ አንስቶ ለጠፈውና ከሥሩ፣ «ደም እየፈሰሰ ወጥ ትሸጣለች» ብሎ ጻፈ።

ፎቶው በሯን ስለሚያሳይ አጠፋሁት። ጽሑፉ ግን በሕጌ መሠረት ቆየ። ወዲያው ሌላው ተከተለ፤ በፕሮፋይሏ ላይ ያለው ሳቂታ ፊቷ ተቆርጦ፣ ቀይ ነገር የሚንጠባጠብበት ጭልፋ አስይዘዋት፣ ስቲከር ሆነች። አጠፋለሁ፣ እንደ ዝንብ ተመልሶ ያርፋል።

ደወለችልኝ። «ፎቶውን ስታጠፋ ስድቡን ለማን ብለህ ተውከው?»

«መልስ እንድትሰጪበት ነው። ጻፊላቸው።»

«ቀኑን ሙሉ እጄ ሊጥ ውስጥ ነው፤ በምኔ ልጻፍ?»

ለዚህም መልስ ነበረኝ፤ ረጅም መልስ። ሳልጨርሰው ስልኩ ተዘግቷል።

በማግስቱ ፎቶዋን አነሳችና ቦታውን ጥቁር አደረገችው። የግሩፑንም ድምፅ ዘጋች። እኛ ዘንድ ደግሞ የጠቆረ ፎቶ ትርጉሙ አንድ ነው። ሊቀ መንበሩ፣ «እህታችን ሐዘን ደርሶባታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድረስ» ብለው ጻፉ። ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም። ለቅሶ ይደረሳል እንጂ አይጣራም። እኔም አገር ቤት ያሉት እናቷ ይሆናሉ ብዬ በልቤ ቀበርኳቸው።

ዓርብ ዕለት ያ ፎቶ ያነሳት ወጣት ደወለ።

«ጋሼ፣ ያቺን ጽሑፍ ያጥፉልኝ። ስለቆየች እኔ ልሰርዛት ብል ስልኩ እንቢ አለኝ።»

«ሐሳብ ነው፣ አይነካም ስትለኝ አልነበር?»

«አሁንማ ሐዘን ላይ ናት!»

«ሐዘን ባይኖርባት ይቻላል ማለት ነው?»

«ጋሼ በሞቴ፣ ፍልስፍናውን ይተዉልኝ። በምን ዓይኔ ነው ነገ ፊቷ የምቀመጠው?»

አላጠፋሁለትም። ቅዳሜ ግን ከለቀስተኛው ሁሉ ቀድሞ እንደሚመጣ ገብቶኝ ነበር፤ እንዳልኩትም አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ተገኘ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ ምግብ ቤቷ ገቡ። እሷ ሽንኩርት ትከትፍ ስለነበር ዓይኗ ቀልቷል። ይህ ደግሞ ሁሉንም አረጋገጠላቸው። አንዲት እናት ገና ከደጃፉ ለቅሶ ጀመሩ።

«እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ምን ሆኜ?»

ሽማግሌው ስልካቸውን አወጡ። «ፎቶሽ ጠቁሮ አይተን…»

«ፎቶዬንማ መጫወቻ ስታደርጉት ጊዜ ነው ያነሳሁት» አለች፤ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። «የሞተብኝ ሰው የለም።»

ወጣቱ ካርቶኑን እንዳቀፈ ቀረ። ያን ጊዜ ይቅርታ የሚባለው ቃል ከአንዱ አፍ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። የሚያለቅሱት እናት ግን ቀደሙ። «እሰይ! የሞተ የለም! ተመስገን!» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሳቅ ሆነ። ሊቀ መንበሩ፣ «እንግዲህ ከመጣን አይቀር ጥብስ ይታዘዝ» አሉ። ሁሉም የሞተ በመጥፋቱ የበደለም የጠፋ መሰላቸው። እሷ ለሁሉም ሠርታ አቀረበች፤ ለዚያ ወጣትም ጭምር። ሲወጡ በየተራ ሳሟት፣ እሷም ጉንጯን ሰጠች። ታረቁ ተባለ። እኔም ሕጌ እንደሠራ ቆጥሬ፣ ቤቴ ስገባ ስለ መቻቻል ጥሩ ነገር ጻፍኩ።

በሳምንቱ ከግሩፑ ወጣች። ምግብ ቤቱም ተዘጋ። ስልኳ አይነሳም። ግሩፑ ውስጥ ሰላም ሆነ፤ በርበሬ ይሸጣል፣ ቤት ይከራያል። አድሚንነቱን ለቀቅሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝም አልነበረም።

ከወራት በኋላ ንቲንዳ ሰፈር ውስጥ ዝናብ ሽሽት አንድ ምግብ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ የእኛ ፊደል የለም፤ የሚበላው ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝና ዓሣ፣ ተመጋቢው ሁሉ የአገሩ ሰው ነው። ከጓዳ ብቅ ያለችው እሷ ነበረች። አየችኝ። ከዚያ ማቶኬ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አልኳት።

«ደህና ናት።»

ከማን ጋር ተጣልተህ መጣህ አላለችኝም። ስነሣ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

«አንተ መምጣት ትችላለህ» አለች። «ብቻ ሌላ ሰው ይዘህብኝ እንዳትመጣ።»

እሺ አልኳት። ይዤ የምመጣው ሰው እንደሌለኝ መንገር አላስፈለገኝም።