ቀበሮ ቆጣሪው ጄይላን

የጄይላን ገመዳ ሥራ ቀይ ቀበሮ መቁጠር ነበር። ባሌ ውስጥ ይህን ሥራዬ ብሎ ለሰው መናገር ቀላል አይደለም። ገበያ ሲወርድ «ዛሬስ ስንት ሆኑልህ?» እያሉ ያሾፉበታል። እሱ ሹፈቱን ትቶ ቁጥሩን ይነግራቸዋል። አስራ ሁለት፤ አራቱ የዘንድሮ ቡችሎች ናቸው።

የጉርሜሳ ሸለቆን ቀበሮዎች እንደ ጎረቤት ነበር የሚያውቃቸው። ጠዋት ጭኮውን በልቶ ፈረሱ ላይ ይወጣል፤ ጉብታ ላይ ተቀምጦ ማን ፍልፈል እንደያዘ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ይጽፋል። እናቲቱን ዲምቱ ብሎ ሰይሟታል፣ ቀዮ ማለቱ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ሆኜ እዚያ ስመደብ አንዱን ቀበሮ ከሌላው መለየት አልችልም ነበር። ስምንት ዓመት አብሬው ስዞር ያስተማረኝ እሱ ነው።

ቀበሮዎቹን የሚፈጃቸው ጥይት ሳይሆን የውሻ በሽታ ነው። አንድ ያበደ ውሻ አንዷን ከነከሰ መንጋው በወር ያልቃል። ስለዚህ ክረምት ገብቶ ከብቱ ከቆላ ወደ እኛ ሲወጣ አብሮ የመጣውን ውሻ ሁሉ እንከትባለን። ባለከብቶቹ ደግሞ መርፌ የተወጋ ውሻ ይፈዛል፣ ጅብ ሲመጣ አይጮህም ይላሉ። ከበረት በረት እየዞረ፣ እየለመነ፣ ሲብስም እየተሳደበ ውሻቸውን ያስወጋቸው ጄይላን ነው። እሱ ባይኖር እኔን ማን ይሰማኝ ነበር?

አንድ ክረምት ግን ከቆላ ከወጡት አንዱ ኦቦ ቱኬ ነበሩ፣ የጄይላን ልጅ የሩቂያ ባል አባት። ሩቂያ ከባሏ ተጣልታ አባቷ ቤት ከርማ፣ በሽማግሌ ልመና ገና መመለሷ ነበር። እዚያ አገር ለልጅህ አማት መቀመጫ ትለቃለህ እንጂ ቃል አትመልስም። ፊታቸው ከጠቆረ መከራውን የምታየው ልጅህ ናት።

ጄይላን የውሻውን ነገር ፈራ ተባ እያለ ሲያነሳ ኦቦ ቱኬ ሳቁ።

«ውሻዬን አታደንዝዝብኝ» አሉት። «እሱ ከተኛ ጅቡን ማን ያባርርልኛል? ሩቂያ?»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጄይላንም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ መርፌዬን ይዤ ስደርስ ጄይላን ከኦቦ ቱኬ ጎጆ ደጃፍ ቆሞ ጠበቀኝ። እዚህ ቤት ውሻ የለም አለኝ። ከጎጆው ጀርባ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ዝናቡ አጥንቴ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ገና ስድስት በረት ይቀረኛል፤ ጄይላን ደግሞ የማይዋሽ ሰው ነው። የለም ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ለዚህች ስንፍናዬ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩም።

መስከረም ሲያልቅ የኦቦ ቱኬ ውሻ አብዶ፣ ሁለት በግ ነክሶ ሸለቆው ውስጥ ገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቀበሮ ወንዝ ዳር ሞቶ ተገኘ። በሃያ ቀን ውስጥ ሰባት አዋቂ ቀበሮ ሞተ። ጄይላን እያንዳንዱን በፈረሱ ጭኖ ያመጣልኛል፤ እኔ ለምርመራ ጭንቅላቱን ቆርጬ ወደ ከተማ እልካለሁ። ውጤቱን ጠይቆኝ አያውቅም። ለቀበሮዎቹ የሚሆን ክትባት እስኪፈቀድ ስንጠብቅ ቡችሎቹም ጉድጓዳቸው ውስጥ አለቁ። ጓንት አጥልቆ፣ በደረቱ ተኝቶ አንድ በአንድ ያወጣቸው እሱ ነው።

ዲምቱ ብቻ ቀረች። እሷ ከተረፈች ከማዶ ሸለቆ ወንድ ይመጣላታል፣ በሁለት ዓመት ቤቱ ይሞላል ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ረፋድ አገኘናት። ድሮ መቶ እርምጃ ሳንቀርባት ትሰወር የነበረችው ዲምቱ ዞራ ወደ እኛ መጣች። ትንገዳገዳለች፤ ከአፏ ለሃጭ ይንጠባጠባል። ፈረሱ ሲደነብር ጄይላን ወረደ። ተመለስ ብለው አልሰማኝም። አስር እርምጃ ሲቀራት ቆማ አየችው። በሕይወቱ እንዲህ ቀርባው አታውቅም።

«ዶክተር» አለኝ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል። «የኦቦ ቱኬን ውሻ የደበቅኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።»

ያኔ ዞሮ አየኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እየሰማህ ዝም አልከኝ?» አለ።

ከታች በጋቸውን ያሰማሩ ሴቶች ነበሩ፤ ዲምቱ እነሱ ጋ መድረስ የለባትም። ጄይላን ዱላውን አንስቶ ሄደባት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ሥራውን በዚያው ሳምንት ተወ። ሩቂያ ከባሏ ጋር በሰላም ትኖራለች፣ ወንድ ልጅም ወልዳለች። እንዲመጣላት ሁለት ጊዜ ሰው ላከችበት። ጄይላን አንድም ቀን ሊያያት አልሄደም።