የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ከተስፋው ግቢ ሲወጣ

ተስፋው አድማሴ ፍኖተ ሰላም የገባው በመንገድ ሥራ ነው። ትውልዱ ከደምበጫ ወደ ቆላ ወረድ ብሎ ነው። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ቦይ ሲቀድ፣ ኋላም ሰው ሲያሠራ ቆይቶ፣ መንገዱ ወደ ቡሬ ሲያልፍ ጓደኞቹ አብረው አለፉ፤ እሱ ቀረ። ያስቀረችው አስካለ ማርያም ናት። አግብቷት፣ ከገበያው በላይ ጎጆ ቀልሶ ተቀመጠ። ማዘጋጃ ቤቱም ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲፈልግ አገኘውና የሥራ ሹም አደረገው።

ሹመቱ ከነዕቃው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ያን ጊዜ በሁለት ክፍል ቤት ተጣቦ የሚሠራ ስለሆነ ለአካፋና ለዶማ ማሳደሪያ አልነበረውም። «ለጊዜው አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ተባለ። ተስፋው ደስ ብሎት ተቀበለ።

ለጊዜው የተባለው ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። መጀመሪያ አካፋው መጣ፤ ቀጥሎ ጋሪዎቹ፣ ከዚያ የኖራው ከረጢት፣ የሬንጁ በርሜል፣ የሲሚንቶ ቱቦው፣ ቀባሪ ያጣ ሬሳ የሚነሣበት ቃሬዛ ሳይቀር መጣ። ጎህ ሲቀድ ሠራተኛው ሁሉ «አያ ተስፋው!» እያለ በሩን ይመታል። አስካለ ማርያም ዶሮ ብታረባ ኖራ እየበላ ሞተባት፤ ጎመን ብትተክል የጋሪ ጎማ ሄደበት። ተስፋው ግን ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ሲቆምና «አንተ ወደ ድልድዩ፣ አንተ ወደ ቄራው» ሲል የከተማው ቁልፍ በእጁ ያለ ይመስለዋል። እውነትም አካፋና ዶማው የሚቆለፍበትን የግቢውን ዕቃ ቤት ቁልፍ ከቀበቶው አይለየውም።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ አክስቱ ሞተችበትና ለለቅሶ ደምበጫ ወረደ። በማግስቱ ገበያው እንደቆመ ሰማዩ ተቀደደ። ከላይ የመጣው ጎርፍ ግንድና ቅጠል አምጥቶ የገበያውን ቦይ ወተፈውና ውሃው ወደ ሱቆቹ ዞረ። ከሁሉ በፊት የገባው ከጨው ነጋዴው ከዑስማን መጋዘን ነው። ሰዎች እየሮጡ ተስፋው ቤት ቢደርሱ ዕቃ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ደምበጫ ነው።

«የመንግሥት ነው፣ አይነካም» አለ አንዱ።

ከገበያው ጩኸት ይሰማል። አስካለ ማርያም ምሳር አንሥታ በሩን መታችው። ማንጠልጠያው ሲገነጠል ወንዶቹ አካፋውን እየነጠቁ ሄዱ። ቦዩ ተከፈተ፤ ያም ሆኖ የዑስማን ጨው ግማሹ ቀልጦ ነበር። ዑስማን ከነጭቃው ቆሞ «የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይላሉ፤ እኔስ ለሁለቱም ጊዜ አላገኘሁ» አለ።

ተስፋው ሲመለስ መጀመሪያ ያየው የተሰበረውን በር ነው።

«ማን ነው የሰበረው?»

«እኔ ነኝ።»

«የመንግሥት በር?»

«በሩስ የኔው ነው» አለች አስካለ ማርያም። «የመንግሥት የነበረው ቁልፉ ነው።»

ነገሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ሹም ከግራዝማች እጅጉ ጆሮ ገባ። ግራዝማች ተስፋውን አልተቆጡም። «የከተማ ነገር ከአንድ ሰው ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሎ አይኖርም» ብለው የሥራ ግቢ እንዲሠራ አዘዙ። መስቀል ካለፈ በኋላም ፕላን የሚያነሣ ሀይሉ የሚባል ወጣት ከደብረ ማርቆስ አስመጡ።

ሀይሉ ዝምተኛ ነው። ወረቀቱን በቆርቆሮ ቱቦ ጠቅልሎ ይዞ፣ ጠዋት ጠዋት ተስፋው ደጃፍ ካለው ግንድ ላይ ይቀመጥና ሠራተኛው ሲገባ ሲወጣ ያያል። ማን ምን እንደሚያነሣ፣ ጋሪው የቱ ጋ እንደሚያዝ፣ ሬንጁ የት እንደሚፈላ ይጠይቃል። አስካለ ማርያምንም ጠየቃት፤ እሷም ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚጠለልበት እንደሌለና ሁሉም ከእልፍኟ እንደሚገባ ነገረችው። ፕላኑ ላይ የዕቃ ቤት፣ ከእሱ ራቅ ብሎ የሬንጅና የኖራ ቤት፣ የጋሪ ዳስ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ሰፊ መጠለያ ወጣ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ ተስፋው መጠለያውን እያየ።

«ሠራተኛው የሚቆምበት ነዋ፣ አያ ተስፋው።»

«ሠራተኛ ዝናብ ይፈራል እንዴ?»

«አይፈራም፤ ግን ይታመማል።»

ተስፋው ሳቀና ተወለት። ያልተስማሙት በቦታው ነው። ተስፋው ግቢው ከራሱ ቤት ጓሮ ካለው ክፍት መሬት እንዲሠራ ፈለገ። ሀይሉ በማንኩሳ መውጫ፣ መንገዱ ዳር ያለውን ደረቅ ጉብታ መረጠ። ጓሮው ውሃ ይቋጥራል፤ የጭነት መኪና ገብቶ መዞርም አይችልም አለ።

«ውሃውን እኔ አወጣዋለሁ» አለ ተስፋው። «መኪናውም ወደ ኋላ ይውጣ።»

ሀይሉ አልተከራከረም። ነገሩን በስብሰባ የሚቆርጡት የከተማው ሸማግሌዎች ስለሆኑ ተስፋው ቤት ለቤት እየዞረ፣ በመጨረሻም ከመካከላቸው የሚከበሩትን የአለቃ ገብረሰንበትን ደጅ ጠንቶ፣ ብዙዎቹን ወደ ራሱ አመጣ።

የስብሰባው ዋዜማ ራት ቀርቦ አስካለ ማርያም ለወትሮው እንደምታደርገው አብራው አልበላችም።

«ምን ሆንሽ?»

«ከነገ ወዲያ የእመቤታችን ማኅበር ነው። ተራው የኔ ነው።»

«ታዲያ አውጪዋ። ማን ከለከለሽ?»

«እህቴ ቤት ነው የማወጣ። ዓመት በመጣ ቁጥር ድግሱን ተሸክሜ እህቴ ቤት ነው የምወርድ። ጽዋዋን ከሬንጅ በርሜልና ከሬሳ ቃሬዛ መካከል አላስቀምጥማ።»

ተስፋው ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እህቷ ቤት መሄዷን ያውቃል፤ እህቷን ስለምትወድ ይመስለው ነበር።

«ነገ ከጓሮው ይሁን ካላችሁ ይሁን» አለች ቀጥላ። «አንተ የለመድከው ነው። ብቻ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ እኛስ የምንኖረው የት ነው በላቸው።»

ሌማቱን አንሥታ ሄደች። ተስፋውም ሲነጋ ማንም «አያ ተስፋው» ብሎ በሩን ካልመታ ምን እንደሚሠራ ሲያስብ አደረ። ሐሳቡን ለማንም ሊናገረው የማይችለው ሆኖ አገኘው።

በስብሰባው ግራዝማች ነገሩን ከፈቱና መጀመሪያ ተናገር አሉት። ተስፋው ነጠላውን አደግድጎ ተነሣ።

«ቦታው ማንኩሳ መውጫ ይሁን።»

አለቃ ገብረሰንበት ቀና አሉ። «ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተህ ከጓሮዬ ይሁን አላልከኝም?»

«ብያለሁ፣ አባቴ። ትናንት የተናገርኩት ለራሴ ነበር።»

«እንግዲያስ የዛሬውን እንያዝ» አሉ አለቃ፤ ነገሩም በዚያው ተቋጨ።

ግቢው በበጋው ተሠራ። ድንጋዩ ከላህ ወንዝ መጣ፤ ዑስማን አጋሰሶቹን አዋሰ። ሀይሉ መሠረቱን አስይዞ ወደ ማርቆስ ተመለሰ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃው ሁሉ ከተስፋው ግቢ ወጣ። የመጨረሻው ጋሪ ሲሄድ አስካለ ማርያም ግቢውን ጠረገችው፤ ኖራው ግን አፈሩን አንድዶት ስለነበር ሁለት ክረምት ሣር አልበቀለበትም። በኅዳር ጽዮን ማኅበሯን እቤቷ አወጣች። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት ተስፋው የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት እውጭ ቆሞ ቆየ።

ያልለመደው ጠዋቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ይነሣና ደጃፉ ላይ ይቆማል። ሰው የለም። ኋላ ጋቢውን እያስተካከለ ወደ ማንኩሳ መውጫ ይሄዳል። ሠራተኛው መጠለያው ሥር ተሰብስቦ ይጠብቀዋል፤ ሲደርስም ይነሡለታል። ያም ሆኖ ድሮ እነሱ ይመጡ የነበረው አሁን ሂያጁ እሱ መሆኑ ሲከነክነው ከረመ።

በዓመቱ ለከተማው ውስጥ ለውስጥ መንገድ መደልደያ ግሬደር በውሰት መጣ። ሀይሉም አብሮ መጣ። ግራዝማች፣ ሸማግሌውና ሕፃኑ ሁሉ ተከትሎ ከአዲሱ የሥራ ግቢ በር ላይ ሲደርስ ግሬደሩ አልገባ አለ። ሀይሉ ወረደና በሩን በክንዱ ለካው፤ ደግሞ ለካው። ግንቡ ሲያልቅ ድንጋይ አንሶ ስለነበር ተስፋው «ለጋሪ ምን ያንሳል» ብሎ በሩን ጠበብ አድርጎት ነበር።

«ጠቧል» አለ ሀይሉ ወደ ተስፋው ዞር ብሎ።

«ጠቧል» አለ ተስፋው። ጋቢውን ጥሎ ዶማ አስመጣ፤ ግራውን ዓምድ ከአናቱ ጀምሮ ራሱ ያፈርሰው ገባ። ሠራተኞቹ ሊቀበሉት ቢሉ እምቢ አለ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግሬደሩ ገባ፤ ሕፃኑም እያጨበጨበ ተበተነ።

ማታ አቧራውን ሲታጠብ አስካለ ማርያም ውሃውን እያፈሰሰችለት ወሬውን ቀድማ ሰምታ ኖሮ «ታዲያ ግራዝማች ምን አሉህ?» አለችው።

«ምንም። ሳቁ።»

«አንተስ?»

«ነገ አስፍቼ መልሼ እገነባዋለሁ» አለና እጁን ዘረጋ። «ጨምሪ እንጂ፣ ጆሮዬ ሁሉ ኖራ ነው።»