ባላባቱን የዘፈኑት ሰው

የልጅ ልጄ ሰሞኑን ለትምህርት ቤት ቴአትር ጢም ልትሥል ከሰል ፈጭታ ከቫዝሊን ጋር ስትለውስ፣ ሽታው ከጓዳ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ተነሥቼ ደጅ ወጣሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ጭሱ ነው አልኳት። ጭስ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ የኪነት ቡድን አባል ነበርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚነገር አንድ ቴአትር ነበረን። እኔ የጭሰኛውን ልጅ ስሆን፣ ባላባቱን የሚዘፍኑት ዜማ ቤት ያደጉ፣ ወደ አርባ ዓመት የተጠጉ ሰው ነበሩ። ጢማቸውን በከሰልና በቫዝሊን የምሥልላቸው እኔ ነኝ። ድምፃቸው ጎርናና ነው፤ ዝቅ ሲያደርጉት የተቀመጥንበት አግዳሚ ሲርገበገብ ይሰማን ነበር። ባላባቱ፣ ከዳተኛው፣ ሰላዩ፣ የክፉ ሰው ቦታ ሁሉ የእሳቸው ነው። ከተማው ስማቸውን ትቶ «ጌቶች» ይላቸው ነበር።

አንበሳሜ ከተማ በገበያ ቀን ስናሳይ አንዲት አሮጊት መድረኩ ላይ ወጥተው ጌቶችን ትከሻቸውን በከዘራ አሏቸው። «የድሀ ልጅ እንዲህ ታስለቅሳለህ፣ አንተ አረመኔ!» ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጌቶች ግን ጎንበስ ብለው የሴትዮዋን ጉልበት ሳሙና፣ «እሜቴ፣ ከዚህ የበለጠ ሽልማት ከየት አገኛለሁ?» አሏቸው። ቤታቸው ዶሮ ሲታረድ እንኳ ማየት የማይችሉ ሰው ነበሩ።

እኔ ግን በዚያ ዓመት የማስበው ሌላ ነው። አንድ ወንድሜ ታስሮ ነበር፤ ወረቀት በትኗል ተብሎ። እናቴ በየጠዋቱ ስንቅ ትወስዳለች፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ልጇ አለ ማለት ነው። ምግቡ ሳይነካ የተመለሰላቸው እናቶች ነበሩ። እነሱን አይተን፣ ባዶ ዕቃ ስናጥብ ተመስገን እንል ነበር።

አንድ ቀን በልምምድ ላይ፣ «እንዴት ነው እንዲህ ክፉ መሆን የሚችሉበት?» አልኳቸው ጌቶችን።

«ክፉ ሰው ክፉ መሆኑን መች ያውቃል፣ ልጄ? ባላባቱም ሲነጠቅ ያመዋል። ሕመሙን ካልዘፈንኩለት ማን ያምነኛል?»

በአብዮት በዓል ቀን አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። የአውራጃው ካድሬ ከፊት ተቀምጧል። በመጨረሻ ባላባቱ መሬቱን ሲነጠቅ፣ ሰዉ እንዲያፏጭና እንዲያጨበጭብ ነው የተጠበቀው። ጌቶች ተንበረከኩ። ያንን ለማላገጫ የተጻፈ ግጥም፣ እንደ ስቅለት ዕለት፣ ቀስ አድርገው በእዝል ዜማ አወረዱት፦

እርሻውን ውሰዱት፣ ከብቱንም ንዱብኝ፣
የአባቴን መቃብር እሱን ብቻ ተዉልኝ።

ያፏጨ የለም። ከመሐል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተንሰቀሰቁ። ከዚያ አንዲት ሴት፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። እኔም ደስ ሊለኝ የሚገባው የጭሰኛ ልጅ ነኝ፤ መድረክ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ካድሬው ብቻ ዙሪያውን እየተገላመጠ ያይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ።

«ሕዝቡ ለጠላቱ ያለቀሰው ለምንድን ነው? ሰውዬው በልምምድ ላይ ምን ብሏችኋል?»

«ምንም አላሉንም።»

ፋይል ገለጠ። የወንድሜ ፎቶግራፍ ነበረበት። «ይኼ ልጅ ነገ ወይ ይዛወራል፣ ወይ ቤቱ ይገባል» አለኝ። «እስቲ ደኅና አድርገሽ አስታውሺ።»

የተዛወረ ሰው እንደማይመለስ አውቅ ነበር። ጌቶች ያሉኝን አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ነገርኩት። ጻፈው። ፈረምኩ።

ጌቶችን የዚያን ዕለት ወሰዷቸው። ወንድሜ በአራተኛው ቀን ቤቱ ገባ። እናቴ እልል ስትል እኔ ማድ ቤት ገብቼ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሁለት ወር እንኳ አልቆየም፤ ለዘመቻ ከመንገድ ላይ አፈሱት። በዓመቱ ከሰሜን መርዶው መጣ።

ጌቶች የተፈቱት በሦስተኛው ዓመት ነው። ቤታቸው ስሄድ ሚስታቸው ደፉ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እሳቸው መደብ ላይ ተኝተዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሺ፣ ልጄ።» ያ ድምፅ አልነበረም። ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ነፋስ ነበር። «ቃልሽን አነበቡልኝ እኮ። አንዲት አልጨመርሽበትም።» ትንሽ ሳሉና፣ «ወንድምሽስ? ወጣልሽ?» አሉኝ።

እንዝርቱ ቆመ። ሚስታቸው መርዶው ሲመጣ ቤታችን መጥተው ለወንድሜ አልቅሰዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

«ወጣ» አልኩ። «ደኅና ነው።»

«ተመስገን። እንግዲያስ በከንቱ አልነበረማ።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚስታቸው እንዝርቱን መልሰው አሾሩት።

ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እሄድ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ስለ ወንድሜ ይጠይቁኛል፤ በሄድኩ ቁጥር አንድ ነገር እፈጥራለሁ። ሾፌር ሆነ። ባሕር ዳር ቤት ተከራየ። አገባ። ውሸቱ እየጣመኝ ሄደ መሰለኝ፤ በመጨረሻ ወንድ ልጅ ወለደ አልኳቸው። በደስታ ሊዘፍኑ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳል ብቻ ወጣ።

ከወር በኋላ በአንዱ እሑድ ከትራሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ ጋቢ አውጥተው ሰጡኝ። ጥጧን የፈተሉት ሚስታቸው ናቸው። ለማን እንደሚፈትሉ እያወቁ፣ ማንም እንደማይለብሳት እያወቁ።

ሚስታቸው እስከ ደጅ ሸኙኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ ውስጥ እንዲሰማ ጮክ ብለው፣ «ይሙቅበት። በእናት ባባቱ እጅ ያሳድግልን» አሉ።

እኔም ጮክ ብዬ፣ «አሜን» አልኩ።