በመሪው ፎቶ ፊት ለተናገረልኝ አጎቴ

አጎቴ፣ ጽሕፈት ብዙም አልችልም፤ ይችን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብዬ ራሴ ጻፍኳት።

በሰው አገር፣ ጀብራ በሚባለው ሰፈር ያለነው ስደተኞች የአገር አባት የምንለው መሪያችን በሞተበት ቀን፣ በየዓመቱ ፎቶው ሥር ተሰብስበን እያንዳንዳችን አንድ ደግ ሥራውን እንናገራለን። አንተ ተራህ ሲደርስ ሁልጊዜ፣ «ፊደል ያስቆጠረን እሱ ነው። ወንድሜን ያለ ፍርድ ያስገደለውም እሱ ነው» ትል ነበር። ወንድምህ ማለት አባቴ ነው።

አንድ ዓመት ሰብሳቢው፣ «ኻላስ፣ ይብቃ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ተወን» ሲልህ እኔም ሰው ፊት አፍሬ እጅጌህን ጎትቼ አስቀመጥኩህ። ወደ ቤት ስንመለስ ትቆጣኛለህ ብዬ ስጠብቅ ሳቅክብኝ።

«ሞቶም ትፈራዋለህ? እኔ እንኳ የፈራሁት በሕይወት እያለ ነው። አባትህን ሲወስዱት ዝም አልኩ።»

ዘንድሮ አንተ በሕይወት የለህም። ሁሉም እያመሰገነ ተቀመጠ፤ ስብሰባው እንዲያ ቶሎ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አይቼ አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ተራ የእኔ ነበር። ተነሳሁና መጀመሪያ የመሪውን ደግነት፣ ቀጥዬ የአባቴን ስም ጠርቼ አሟሟቱን ተናገርኩ። እስክጨርስም አልተቀመጥኩም።

ያን ሁሉ ዓመት በእኔ ፋንታ ስለተናገርክ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አንተ እረፍ፤ እኔ አለሁ።