ገዳሪፍ ላይ የተየብኩት የአውሮፓ ታሪክ

ባለፈው ሳምንት ሃናን ከገበያ ተመልሳ ደጃፌ ላይ ካለው ራኩባ፣ ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ቁጭ አለች። ሃናን ጦርነቱ ከካርቱም ያባረራት፣ አሁን ሁለተኛዋን ክፍሌን ተከራይታ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖር የሐበሻ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሱዳን ስለሆነ አማርኛዋ መሐል ዐረብኛ ይገባበታል። ካርቱም ሳለች ዩኒቨርሲቲ ታስተምር ነበር። አውሮፓ ውስጥ የመጽሐፍ ማተሚያ ገና ብቅ ባለበት ዘመን፣ ነገሥታቱና ጳጳሳቱ ስለከለከሏቸው መጻሕፍት ስታጠና ዓመታት ፈጅታለች። ጥናቱ ከነኮምፒውተሩ እዚያው ቀረ።

«ኻልቲ፣» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «አንድ የውጭ ድርጅት ሥራ ሊሰጠኝ ነው። ስለ መጻሕፍቱ ግን አይደለም። በመንገድ ያየሽውን፣ አንቺ የሆንሽውን፣ ሌሎቹ ሴቶች የሆኑትን ጻፊ አሉኝ። ስለ አውሮፓ የሚጽፍ ሞልቷል አሉ። ምን ትያለሽ?»

ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ጠይቆኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ደርግ ገና ሥልጣን ላይ ነው። ጎንደር ከተማ የታይፕ ጽሕፈት ተምሬ ነበር፤ ከአክስቴ ጋር በመተማ በኩል ተሰድጄ ገዳሪፍ ከገባሁ ሁለት ክረምት አልፎኛል። ሐጅ ኢድሪስ የሚባሉ የሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ቢሮው ገበያው ዳር ነው። በመከር ጊዜ ሎሪዎቹ ጭነታቸውን እንደያዙ ተሰልፈው መንገዱን ይዘጉታል፤ የሰሊጡ አቧራ በመስኮት ገብቶ የታይፑ ፊደሎች ሥር ይከማቻል። በዶሮ ላባ እየጠረግኩ ነበር የምሠራው። ከዚያ ሁሉ ስደት ውስጥ ያ የላባ ነገር ለምን እንዲህ ጎልቶ እንደሚታየኝ አላውቅም።

ያን ጥያቄ የጠየቀኝ መምህር ውብሸት ነው፤ የሚኖረው ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ነበር። አገር ቤት ሳለ ታሪክ ያስተምር ነበር፤ ጓደኞቹ ሲታሰሩ ጊዜ በእግሩ ወጣ። አንድ ቀን ቢሮ መጥቶ በእጅ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ትተይቢልኝ እንደሆን ብዬ ነው አለ። ሐጂን ለመንኳቸው። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ በቀትር ቢሮው ዝግ ነው፤ ያኔ የፈለግሽውን ጻፊ፤» አሉኝ። እንዲህ ሆነና በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ፣ ከተማው በሙቀት ጸጥ ሲል፣ እሱ ያነብልኛል፤ እኔ እተይባለሁ። ሲደክመን ፉል በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት እንበላለን። አንቱ እያልኩ ነበር የማናግረው፤ በልቤ ግን አንተ ነበር የምለው።

ጥናቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በአንድ የአውሮፓ ከተማ ስለነበረ በዓል ነው። እንግሊዝኛዬ ቃሉን ለመተየብ እንጂ ለመረዳት አይበቃም ነበርና እያስቆምኩ እጠይቀዋለሁ።

«እንደኛ ቅበላ በይው፤» አለኝ። «ጾም ሊገባ ሲል ሰዉ ይበላል፣ ይጠጣል። እነሱ ደግሞ ጭምብል ያጠልቃሉ። ድሃው የመኳንንት ልብስ ለብሶ ይዘፍናል፤ ዳኛውን፣ ቄሱን፣ ንጉሡን ይሰድባል። ለዚያ ሦስት ቀን ማንም አይነካውም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ መኳንንቱ በዓሉን ወደዱት። ሰልፉን እነሱ ያዘጋጁት ጀመር። ሰዉም የተጻፈለትን መዝፈን ጀመረ።»

የአብዮት በዓል ሰልፍ ትዝ አለኝ። ከቀበሌ ተጠርተን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን፣ ያልመጣ ስሙ ይያዛል ተብለን። «ስለኛ ነው እንግዲህ የሚጽፉት፤» አልኩት።

ደስ አላለውም። «አይደለም ዘርፌ። ስለነሱ ነው። ልጅ ሆኜ የአንድ ሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የዚያን በዓል ሥዕል አይቼ ወደድኩት፤ በቃ። ሰው የሚወደውን ማጥናት አይችልም?»

በሰኔ አንድ የውጭ ፕሮፌሰር ካርቱም መጥቶ ለትምህርት የሚወስዳቸውን ስደተኞች እንደሚያነጋግር ተሰማ። ከካምፑ ለመውጣት ታስሪህ የሚሉት የመንገድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቢሮው ሰው «ቡክራ፣ ኢንሻአላህ»፣ ነገ፣ እግዜር ካለ፣ እያለ ዘጠኝ ቀን አመላለሰው። ፈቃዱን ባገኘ ዕለት ዝናቡ ጀመረ። ጥቁሩ አፈር ሎሪውን ሁለት ቀን ይዞት ገዳሪፍ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆሜ ሰጠሁት። ዋናውን ለፕሮፌሰሩ፣ በካርቦን የወጣውን ቅጂ ለራሱ። አውቶቡስ ሲሳፈር «ካለፍኩ እጠራሻለሁ፤» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለአክስቴ ግን ነገርኳት፤ አዲስ ቀሚስ ገዛችልኝ።

መልሱ በጥቅምት መጣ፤ ማሽላው ሲታጨድ። ደብዳቤውን ቢሮ ይዞልኝ መጣ፤ እዚያው ቆሞ ተረጎመልኝ። ጽሑፉ ጥሩ ነው ይላል። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በራሳቸው አገር ሞልተዋል፤ ከእርሱ የሚፈልጉት ስለ ስደትና ስለ ረኃብ እንዲጽፍላቸው ነው። ይህን ካደረገ በሚቀጥለው ዓመት ይታይለታል።

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ምን እንዳሰብኩ አውቃለሁ። ስለ በዓሉ አላሰብኩም። ስለ አውሮፕላን አሰብኩ፣ ስለ ቀሚሱ አሰብኩ፣ ከዚህ አቧራ ስለመውጣት አሰብኩ። «ታዲያ ስለ ስደት ቢጽፉስ ምን አለበት? የሚያውቁት ነገር ነው፤» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አንቺም?» አለ።

እንዳልኩት ግን አደረገ። ደብተር ይዞ በካምፑ ከድንኳን ድንኳን እየዞረ ሰዉን ስለ መከራው ይጠይቅ ጀመር። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሁለት ልጆቿን በመንገድ የቀበረች የአርማጭሆ ሴት «ለነጮቹም ነገርኩ፣ ለሱዳኖቹም ነገርኩ፤ አንተ ደግሞ እዚሁ ከኔ ጋር ተቀምጠህ ምኑን አጣኸው?» አለችው። ደብተሩን አጥፎ ይቅርታ ጠየቃት። ያለቀውን ያህል ላከ። በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች አመልካቾች ጋር ተወዳድሮ አልተመረጠም የሚል አጭር ወረቀት መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ መምጣቱን ተወ። ፋው ወደሚባለው እርሻ ጥጥ ለቀማ ወርዷል ሲሉ ሰማሁ። በሁለተኛው ዓመት እዚያው በወባ ሞተ። የቀበሩት ሰዎች አንድ ሸሚዝና አንድ ብርድ ልብስ ለካምፑ ቄስ ላኩ። ስለ ወረቀቶቹ ጠየቅኩ፤ ያያቸው የለም። እኔም ያን ሁሉ ገጽ በጣቴ አሳልፌ፣ ዛሬ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አላስታውስም። ጣት የተየበውን ልብ እንደማይዝ ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ሃናን መልሴን እየጠበቀች ነው። ይህን ሁሉ ልነግራት አሰብኩ። ያ ሰው ዓይኔን ሲያየኝ ምን እንደተሰማኝ ልነግራት፣ መጻሕፍትሽን አትተዪ ልላት አሰብኩ። ከጓሮ የልጆቿ ድምፅ ይሰማል፤ ትልቁ ከትምህርት ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

«ሂጂ፤» አልኳት። «የሚሉሽን ጻፊላቸው።»

አርባ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው። ሌት ተቀን ሌላ መልስ ስፈልግ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ስጠየቅ ግን ያው የድሮው መልስ ወጣ። አሁን ደግሞ ያኔም ሌላ መልስ አልነበረኝም ማለት ነው ብዬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አያጽናናም። ውብሸት የፈለገው መልስ አልነበረም፤ ከእሱ ጋር የሚያዝን አንድ ሰው ነበር የፈለገው። ለሃናንም ያን አላደረግኩላትም።

ሰኞ ሥራ ጀመረች። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ልጆቿ ይበላሉ። ስለ መጻሕፍቱ አታነሳም፤ እኔም አልጠይቃትም።